የሕዝብ እንደራሴ በሥራ ዘመኑ መግቢያ ለጣና ዳር ባላገር ስለሚሰጠው ማስረጃ

ለሕዝብ እንደራሴነት የተመረጠ ሰው የሥራ ዘመኑ በተጀመረ ጊዜ ወደ መራጮቹ ተመልሶ፥ በምክር ቤቱ ምን ሥራ እንደ ተያዘ፥ ምን ሕግ እንደ ወጣ ወይም ሊወጣ እንደ ታሰበ፥ እርሱም በበኩሉ ምን ለመሥራት እንደሚችል ማስረዳቱ የታወቀ ግዴታው ነው። ነገር ግን ጉባኤው አስቀድሞ በሚገባ ካልተዘጋጀ፥ እንደራሴው ይናገራል፥ ሕዝቡ ያጨበጭባል፥ ሹሙም የዕለቱን ወጪ በመዝገብ ያገባል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ገበሬው ስለ መሬቱ፥ ዓሣ አጥማጁም ስለ መረቡ ጠይቆ ያገኘው ነገር ሳይኖር ይመሻል። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች እንዲህ ያለው ጕድለት ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚጐዳበት ምክንያት ስላለ፥ የእርሻ ሥራ አስፈጻሚዎች ነገሩን የእንደራሴው ብቻ ነው ብለው ሊተዉት አይገባም።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 እንደ ደነገገው፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን ሥራ በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ቀን ይጀምርና በሰኔ 30 ቀን ይፈጽማል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ነው። ሁለቱን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ የሚከፍቱት ፕሬዚዳንቱ ሲሆኑ፥ በዚያ ቀን የሚነገረው ቃል በሬዲዮ እስከ ደቅ ደሴት ድረስ ይሰማል። ነገር ግን ለኢትዮጵያ ሁሉ የተነገረ ቃል ለአንዲት ቀበሌ ምን ማለት እንደ ሆነ ተርጕሞ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው እንደራሴው ነው።

አስቀድሞ ይህ ግዴታ አልነበረም። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. በተሰጠው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች የሚመረጡት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ነበር፤ ስለዚህ እንደራሴው ምን ሠራህ ብሎ የሚጠይቀው ባላገር አልነበረውም። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፥ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ከሰጠ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ይሁን እንጂ መምረጥ ከተጀመረ በኋላም መጠየቅና ማስረዳት ወዲያው አልተለመደም፤ ይህም አለመለመዱ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ የጎጃም ታሪክ ምስክር ነው።

በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ከጎጃም ጠቅላይ ግዛት 7 አውራጃዎች አንዱ ነበረ። የጎጃም ባላገር ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት ግብር ዐዋጅ በብርቱ ተቃውሞ ስለ ተቀበለው፥ በ1937 ዓ.ም. ዐዋጁ ሲሻሻል ጎጃም፥ ቤጌምድርና ትግሬ ከጠላት ወረራ በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ባላገሩ የፈራው የብሩን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ፍርሀቱ ቀላድ ነው። መሬት በቀላድ የተለካ እንደ ሆነ ርስት ከአባት ወደ ልጅ መውረዱ ይቀራል፥ የሌላ አገር ሰውም ይገባበታል ብሎ ያምን ነበር። በደቡብ አገሮች ቀላድ የጣለበትን ሰው ዕድል የሰማ ገበሬ ይህን መፍራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ሐሳቡ በምክር ቤቱ ብዙ ክርክር ተደርጎበትና ተሻሽሎ ያለፈ ነው። ዐዋጁ የቀድሞውን አሥራት ሽሮ፥ ገበሬው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ መጠን ግብር እንዲከፍል፥ ጥቂት የሚያገኘው ጥቂት፥ ብዙ የሚያገኘውም ብዙ እንዲሰጥ የሚያዝዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ለድኻው የሚያደላ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ዐዋጁ ከብዙው የጎጃም ገበሬ ደጃፍ የደረሰው በገማቾች እግር ነው። ገበሬው የሕጉን ቃል ሳይሰማ፥ እህሉን በዐይናቸው የሚሰፍሩ ሰዎች በማሳው ዳር ቆመው አየ። ገቢ መገመት የቀላድ መግቢያ ነው የሚለው ወሬም ከገማቾቹ ቀድሞ ሄዶ ነበር።

በሞጣ፥ በቢቸና፥ በዳሞትና በደብረ ማርቆስ አውራጃዎች የተነሣው ዐመፅ በዚሁ በ1960 ዓ.ም. በረታ። ገማቾች ተባረሩ፥ ከመንግሥት ጦር ጋር ውጊያ ሆነ፥ አውሮፕላንም በገበሬው ላይ ተላከ። በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፥ ውዝፉ ግብር ተማረ፥ ዐዋጁም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። እንግዲህ ለአንድ ዓመት ያህል ደም ከፈሰሰ በኋላ መንግሥቱ ከተነሣበት ስፍራ ተመለሰ ማለት ነው።

በ1957 ዓ.ም. የተመረጡት የጎጃም እንደራሴዎች ይህ ሁሉ ሲሆን የሥራ ዘመናቸው አጋማሽ ላይ ነበሩ። እነርሱ ወደየአውራጃቸው ሄደው ሕጉን አስቀድመው ቢያስረዱ ዐመፁ ባልተነሣ ነበር ብሎ መፍረድ ግን ልክ አይደለም። ባላገሩ ከግብሩ ሌላ በአስተዳደሩ ላይ ብዙ አቤቱታ ነበረው፤ በየጊዜው የሚጠየቀው መዋጮና የጦር መሣሪያ ምዝገባው አስመርሮት ነበር። በቃል ብዛት በደል አይሸፈንም። ሆኖም ስለ ቀላድ የነበረው ፍርሀት በእውነተኛ ቃል ሊታገሥ የሚችል ነበር፤ ይኸውም ቃል የሚታመነው ከገማች ወይም ከፖሊስ ሳይሆን፥ ባላገሩ ራሱ ከመረጠው ሰው አፍ ሲወጣ ነው፤ የሚወጣውም ሕጉ ገና ሐሳብ ሳለ፥ ገማች ሳይላክ፥ ወሬም ሳይቀድም መሆን አለበት።

ይህ የአያቶች ታሪክ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 1324/2016 ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. የወጣውን የቀድሞውን ዐዋጅ ተክቷል። በዚህ ሕግ ባለ ይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር በዋስትና ማስያዝ ይችላል። ይህ ለጣና ዳር ገበሬ፥ በተለይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ለሚፈልገው፥ ትልቅ በር የሚከፍት ነው። ነገር ግን ሕጉን ሳያውቅ «መሬትህን ለባንክ አስይዝ» የሚል ቃል ብቻ የሰማ ገበሬ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም፤ አያቱ ቀላድ ሲሉት ያሰበውን ያስባል። ስለዚህ እንደራሴው በመጀመሪያው ጉባኤ ሊናገረው የሚገባው ቃል ግልጽ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በዋስትና የሚያዘው የመጠቀም መብት ነው፤ ተበዳሪው ዕዳውን ባይከፍል ምን እንደሚከተልና ለስንት ዘመን እንደሚቈይ ደግሞ ከውሉ በፊት ተነብቦለት ሊረዳው ይገባል። ጥቅሙን ብቻ ነግሮ ይህን የመጨረሻውን ነገር የሚዘል እንደራሴ ሕዝቡን አላስረዳም፤ አሞኘው እንጂ።

ሁለተኛው ነገር የጣና ውኃ ጕዳይ ነው፤ በዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ችግር አቤቱታው ወዴት እንደሚሄድ አለመታወቁ ነው። ሐይቁን የሚያዋስኑት ባሕር ዳር ከተማ፥ ባሕር ዳር ዙሪያ፥ ሰሜን አቸፈር፥ አለፋ፥ ጣቁሳ፥ ደንቢያ፥ ጎንደር ዙሪያ፥ ሊቦ ከምከም፥ ፎገራና ደራ ናቸው። የሁሉም ውኃ አንድ ሲሆን የሁሉም ኑሮ አንድ አይደለም። የዘጌ ሰው በቡናው ጥላ ሥር የሚኖርና ከጥንት ጀምሮ በበሬ የማያርስ ነው፤ የፎገራ ሰው ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በ1970ዎቹ ዓመታት ካስተዋወቁት ወዲህ ሩዝ ያመርታል፤ የወይጦ ወገን ደንገል አጭዶ ታንኳ ይሠራል፤ የባሕር ዳሩ ወጣት ዓሣ ያጠምዳል ወይም እንግዳ በጀልባ ያመላልሳል። ለዘጌ የተዘጋጀውን ንግግር ወስዶ በፎገራ የሚያነብ እንደራሴ ባይመጣ ይሻለው ነበር።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ፥ ውኃው በበጋ ሲሸሽ በሚገለጠው በባሕር ሸሽ ላይ የሚዘራውን ገበሬ እንውሰድ። ይህ ገበሬ የውኃውን መውጣትና መግባት የእግዚአብሔርና የክረምቱ ሥራ ነው ብሎ ያስባል፤ ከአባቶቹ ዘመን ጀምሮም እውነት እንዲሁ ነበረ። ነገር ግን የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በመዝጊያዎች የሚወሰን ሆነ፤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲመረቅ፥ የሐይቁ ውኃ በምዕራብ በኩል በተራራ ሥር በተቈፈረ ዋሻ ወደ በለስ መውረድ ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ ማነስና ለመብራት ኀይል የተለቀቀው ውኃ ተደራርበው ሐይቁ ከቶ ባልታየ መጠን ጐደለ፤ መርከቦች መሄድ ተሳናቸው፥ ገበሬዎችም በተገለጠው መሬት ላይ ወርደው ዘሩ። ውኃው ሲመለስ የዘሩት ምን እንደ ሆነ ለመናገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ይህ ገበሬ አቤት ቢል ወደ ማን ይበል? የቀበሌው ሊቀ መንበር የጨረጨራን መዝጊያ አይከፍትም። የክልሉም ምክር ቤት ብቻውን አይወስነውም፤ ምክንያቱም በአንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙትን ወይም ከአገር ወሰን የሚያልፉትን ውኃዎች አጠቃቀም የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ስለዚህ ጕዳዩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደራሴው ነው፤ እርሱም በአንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ በተሰጠው ሥልጣን መሠረት ሚኒስትሩ ተጠርቶ እንዲጠየቅ ለማድረግ ይችላል። በአንጻሩ በዚያው በባሕር ሸሽ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ስለ ድንበር ቢጣሉ ነገሩ የቀበሌና የወረዳ ነው፤ እንደራሴውም በዚህ ገብቶ ፈራጅ ልሁን ካለ በደል ይሠራል። ዮቶር ለሙሴ ከማለዳ እስከ ማታ ሕዝቡን ብቻውን እንዳይዳኝ፥ ታናሹን ነገር ለአለቆች እንዲተው የመከረው ምክር ለእንደራሴም የሚሆን ነው።

ስለ ዓሣውም ነገሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በጣና ቆሮሶና አምባዛ ሲገኙ፥ ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ግን ብዙ ዓይነት ያለውና አብዛኛው ዓይነቱ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኝ ነው። በክረምቱ ወራትና በመስከረም ወደ ጉማራና ወደ ርብ የመሳሰሉት ወንዞች ወጥቶ ዕንቍላሉን ይጥላል። ከ1978 ዓ.ም. በፊት አጥማጁ በታንኳው ከዳር ብዙ አይርቅም ነበር፤ በዚያን ዓመት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ፥ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ ሊወልድ የሚወጣው ዓሣ ስለ ተያዘ የነጭ ዓሣው ቍጥር እጅግ አነሰ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 315/1995 የወጣው ሐይቁ በጐደለበት በዚያው ዓመት ነው። ሕጉ ካለ አሁን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን በገበያ ከሚገኘው የመረብ ዐይን ጥበት እንደሚታየው፥ ሕግ መኖሩና ሕግ መታወቁ አንድ አይደለም። በዚህ ጕዳይ የእንደራሴው ሥራ አዲስ ሕግ አወጣለሁ ብሎ ተስፋ መስጠት አይደለም። ያለውን ሕግ ማስታወቅ፥ በመውለጃው ወራት መረቡን የሚያነሣው ድኻ በምን እንደሚኖርም መጠየቅ ነው።

ስለ እምቦጭ ከተነገረ ግን የተስፋ ቃል ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 በሐይቁ ላይ ከታወቀ ወዲህ፥ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል በደንቢያ፥ በጎንደር ዙሪያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተስፋፍቶ የከብቱን ግጦሽና የዓሣውን ስፍራ አጠበበ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ የአንድ ወር ዘመቻ ተደርጎ ብዙ ሰው በእጁ ነቀለ። አረሙ ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቈይ፥ ዝናቡም ከላይ ከማሳው የሚያወርደው አፈርና ማዳበሪያ ስለሚመግበው፥ አንድ ጊዜ ነቅለው የሚያርፉበት ጠላት አይደለም። ስለዚህ በሥራ ዘመኑ መግቢያ «እምቦጭን አጠፋላችኋለሁ» የሚል እንደራሴ በአምስተኛው ዓመት ምን ብሎ እንደሚቆም ሊያስብበት ይገባል። በጀት ይጠይቃል፥ ድምፁን ይሰጣል፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ተለቅቆ የተገኘውን ፍሬ ባለሙያዎች ለጣና እንዲመረምሩት ያሳስባል፤ ከዚህ የበለጠውን ግን ለብቻው አያደርግም። ይህን አስቀድሞ መናገር ክብሩን አይቀንስበትም።

እዚህ ላይ የእንግሊዙ የኤድመንድ በርክ ነገር ይታወሳል። ይህ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1774 በብሪስቶል ከተማ በተመረጠ ጊዜ፥ ገና የምርጫው ፍጻሜ እንደ ተነገረ በመራጮቹ ፊት ቆሞ፥ ፈቃዳቸውን ሁሉ እንደሚሰማ፥ ድምፁን ግን በገዛ ኅሊናው ፍርድ እንደሚሰጥ ነገራቸው። ነጋዴዎቹ ይህን በደስታ አልተቀበሉትም፤ ቈይቶም ስለ አየርላንድ ንግድና ስለ ካቶሊኮች መብት የእነርሱን ፈቃድ ስለ ተቃወመ፥ በ1780 ድምፅ እንደማያገኝ አይቶ ከምርጫው ወጣ። ወንበሩን አጣ፤ ነገር ግን አታለለን ያለው ሰው አልነበረም፤ የሚያደርገውን በመጀመሪያው ቀን ተናግሮ ነበርና። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 እንደራሴው ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ሲል፥ በዚያው አንቀጽ መራጩ አመኔታ ያጣበት እንደ ሆነ ከወንበሩ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያነብ እንደራሴ ሁለተኛውን ሕዝቡ ያነብለታል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ከጉባኤው ቀን በፊት ይጀምራል። ከየቀበሌው የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብለው የፌዴራሉ፥ የክልሉ፥ የወረዳው ብለው ለይተው በጽሑፍ ቢያዘጋጁለት፥ እንደራሴው ሲደርስ የሚናገረውን ሳይሆን የሚመልሰውን ይዞ ይነሣል። ጥያቄውን ለማሳመር ወይም ሹሙን የሚነካውን ቃል ለመፋቅ መሞከር ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. ወደ ላይ የሚወጣው ቃል የተሸለመ ስለ ነበረ፥ እውነቱ ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በጥይት ድምፅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሆነው ጦርነትም ሕዝብን በአንድ ስፍራ መሰብሰብን አስቸጋሪ አድርጎታል፤ መንገድ በተዘጋበት ጊዜና ስፍራ ገበሬውን ለጉባኤ ብሎ ከቤቱ ማስወጣት አይገባም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የጽሑፍ ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በመስጊድ፥ በወፍጮ ቤትና በባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ ቢነበብ ይሻላል።

ስለ ጊዜውም ጥቂት ነገር አለ። ምክር ቤቱ በመስከረም መጨረሻ ሲከፈት የጉማራና የርብ ሜዳ ገና ጭቃ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ላይ ስለሚሆን ጉባኤ ቢጠራ የሚመጣው ሥራ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቅምት አጭር ማስታወቂያ በጽሑፍ ልኮ፥ ዋናውን ጉባኤ አውድማው ከተነሣ በኋላ በጥር ወይም በምክር ቤቱ ዕረፍት ወር ማድረጉ የተሻለ ነው። በዚያ ቀን የተነገረው ቃልና የተጠየቀው ጥያቄ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፥ አንዱ ለእንደራሴው ይሰጥ፤ ሁለተኛው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ይቀመጥና በሚመጣው ዓመት ጉባኤው ሲከፈት ከንግግሩ በፊት ይነበብ።